ስኳር የለበሰ ፖም

«ኧረ ቀለበቱማ ተገኝቷል! ያኔውኑ እኮ ነው የተገኘው፣ በሳምንቱ» አለች ትንሿ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ከወንድሟ ጋር በስልክ እያወራች። «አዎ፣ ራሷ ናት፣ ምጥን። ወጥ ቤት ናት። ኧረ ምንም አልተቀየመች፤ ደስ ብሏት ነው የመጣችው። እኔ ምን ብዬ ልንገራት? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ብለን አሁን ምን ይፈይድላታል? ተወው ባክህ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

ምጥን ወጥ ቤት ውስጥ ጎድጓዳ ሳህን ታቅፋ ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት እየመታች ነበር። የእንጨት ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ እንዳለ ነው፤ ድሮም ይህ በር ገጥሞ አያውቅም፤ መሐንዲሱ የቤቱ ልጅ ማጠፊያውን አስተካክለዋለሁ እንዳለ ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ፣ ሌላ ከተማ ቤት ሠርቷል። በዚህ በር ክፍተት የዚህን ቤት ስንቱን ጉድ ሰምታለች። ማን ፈተና እንደወደቀ፣ የማን ትዳር እንደተናጋ ሰምታ በሆዷ ይዛ ኖራለች። የራሷን ጉድ በዚያው በር እሰማለሁ ብላ ግን አስባ አታውቅም። ክው ብላ ቀረች። ሊጡ ከማንኪያው ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ጫማዋ ላይ ሲወርድ እንኳ ልብ አላለችም።

በሳምንቱ! በሳምንቱ ማለት ገና እንባዋ ያልደረቀበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ልከው «ተገኝቷል» ቢሏት ኖሮ ወሬው ከደጃፍ ሳያልፍ ይቀር ነበር። እነሱ ዝም አሉ፤ ወሬው ግን ዝም አላለም። አሥራ ሰባት ዓመት ያገለገለች ሴት በቀለበት ምክንያት ተባረረች ሲባል ማንም «እውነት ነው ወይ» ብሎ አይጠይቅም፤ «እጀ ረጅም ናት» ለማለት ብዙ ወጪ የለውም። ሁለት ቤት ተቀጠረች፤ ሁለቱም ወር ሳይሞላት አሰናበቷት። በመጨረሻ ማንም ማንንም የማያውቅበት ትልቅ ሆቴል፣ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ገብታ አንሶላ ስትተኩስ ይኸው ዕድሜዋ ሄደ። እሱስ ይሁን፣ አንሶላ ሰው አያማም። የከበዳት የልጇ ነገር ነው።

ልጇ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት አንዷ ምን እንዳለቻት እግዜር ይወቅ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «እማዬ፣ ወስደሽው ነው እንዴ?» አለች። ምጥን አልወሰድኩም ብላ ማለች፤ በአባቷም በእናቷም አጥንት ማለች። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻትና «እሺ እማዬ» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመካከላቸው ተነስቶ አያውቅም። ዛሬ ያቺ ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷት አስተማሪ ሆናለች። ደግ ናት። ለእናቷ የወገብ መድኃኒት የምትገዛ፣ ክረምት ሲገባ ካልሲ የምትደርብላት ልጅ ናት። ነገር ግን የገንዘብ ቦርሳዋ ሲጠፋባት እንደማንኛውም ልጅ «እማዬ፣ አይተሽዋል?» ብላ አትጮህም። ድምጿን አጥፍታ ኮት ኪሷን፣ አልጋ ሥሩን፣ መሳቢያውን ትፈልጋለች። ሲገኝ ደግሞ በጣም ትደሰታለች፤ ከሚገባው በላይ ትደሰታለች። ምጥን ይህንን ሁሉ ከአልጋዋ ጠርዝ ላይ ሆና ታያለች።

የዛሬው ጉዞ ነገር የተነሳው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ትንሿ የተባለችው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ነው እንጂ ዛሬ የሠላሳ ስድስት ዓመት የጥርስ ሐኪም ናት። የሆቴሉን የጀርባ በር አፈላልጋ፣ በእንፋሎት የታፈነውን ደረጃ ወርዳ፣ ምጥንን ከአንሶላ ክምር መሀል አገኘቻት። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ያሳደገቻት ልጅ ናት፣ ማልቀሱ አላስቸገራትም።

«እማዬ እህል አቁማለች» አለች ትንሿ ዓይኗን እየጠረገች። «ቀኑን ሙሉ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ የምጥንን የለበሰ ፖም። እኔው ሦስቴ ሠራሁላት። ከስልክ ላይ እያየሁ፣ በግራም እየመዘንኩ። አንዱን ቀምሳ ‹ይሄ ጫማ ነው› ብላ ተፋችው።»

ምጥን ሳቅ አመለጣት። የቤቱ እመቤት እትዬ እንዲህ ካሉማ ገና አሉ ማለት ነው። የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ማታ ለልጇ ስትነግራት ልጅቷ እራቷን ገፋ አድርጋ «ከዚያ ቤት ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች። «አንድ ቃል» አለች ምጥን። «ካላሉሽስ?» ስትላት «ይላሉ፤ ሰው ሲደክም ያስቀየመውን ሰው ይጠራል፣ ፖሙ ሰበብ ነው» ብላ መለሰች። ያልነገረቻት ነገር ግን ነበር። ያንን ቃል ለራሷ ጆሮ አልነበረም የፈለገችው። እትዬ በራሳቸው አንደበት ለልጇ እንዲነግሩላት ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ካሣም፣ ስጦታም፣ እንባም።

ሊጡን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና አሳረፈችውና ፖሙን መላጥ ጀመረች። አንዴ የለመደ እጅ ነውና ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ወረደላት። ምጥን የሚለውን ስም ያወጡላት እትዬ ናቸው፣ ቁመቷም ምጥን፣ አለካኳም ምጥን ነው ብለው። ሚዛን ሳትይዝ በመዳፏ የምትሰፍረው ስኳር አንድ ቀን አብዝቶ ወይ አንሶ አያውቅም። የለበሰ ፖም የሚለውንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ፖሙ መሀሉ ወጥቶ ክብ ክብ ይቆረጥና እንዳይጠቁር ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ሊጥ ውስጥ ይነከርና በብዙ ዘይት ይጠበሳል። ዘይቱ መድረሱ በአንድ ጠብታ ሊጥ ይታወቃል፤ ጠብታው ሰምጦ ወዲያው እየተንጣጣ ከወጣ ደርሷል፣ ሳይሰምጥ ከጠቆረ አልፎበታል። እስከዚህ ማንም ይሠራዋል። ጣጣው ማልበሱ ላይ ነው። የደቀቀ ስኳር በፈላ ውሃና በሎሚ ይበጠበጥና ፖሙ ከዘይት እንደወጣ፣ ሳይበርድ ውስጡ ይገለበጣል። በሹካ ከተያዘ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ በማንኪያ ከፈሰሰበት ስኳሩ አንድ ቦታ ይረጋል። በጣት ነው፤ በሁለት ጣት፣ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፣ ከዚያ ማድረቂያው ሽቦ ላይ። ሲደርቅ ስኳሩ ስስ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ሲነከስ ቀጭ ይላል። ትንሿ ከስልኳ ላይ ያጣችው ይህንን ነው። ስለ ሌላ ሰው አፍ ብሎ ጣቱን የሚያስቃጥል በስልክ አይገኝም።

ድሮ እትዬም አብረዋት ያለብሱ ነበር። ስኳሩ ከፈርጡ ሥር እየገባ ስለሚያስቸግራቸው ቀለበታቸውን አውልቀው መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ጨው ዕቃው አጠገብ ያስቀምጡታል። ያን ቀን እንግዳ ነበር፣ ጥድፊያ ነበር፣ እንግዳው ሲሸኝ ቀለበቱ የለም። ምጥን ማታ ስትወጣ ቦርሳዋን በር ላይ ከፈተች። ይህ የቤቱ ደንብ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እትዬ «አንቺን ተጠራጥሬ አይደለም፣ ደንብ ነው» ብለዋታል፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየማታው በር ላይ ቆማ ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ከቤቱ ሰው አንዱ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሲያይ፣ «ደህና እደሩ» ብላ ስትወጣ ኖራለች። ያን ቀንም ቦርሳው ውስጥ ቀለበት አልነበረም። «እንግዲህ በመስኮት አቀብላለች» ተባለ። ቦርሳ ባዶ መሆኑ ራሱ ማስረጃ የሚሆንበት ቀን አለ።

ትንሿ ስልኳን ጨርሳ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ገባች።

«እንዴት ነው፣ ደረሰ?»

«ሊጡ እያረፈ ነው። ትንሽ ይቆይ።»

«ፖሙ ደህና ነው? እሳት ሆኗል እኮ ዋጋው። አምና እንኳ እንዲህ አልነበረም፤ እጥፍ ሆነ። ሰውየውን ‹በወርቅ ነው እንዴ የምትመዝነው› አልኩት።»

«ቀዩን ነው ያመጣሽው። አረንጓዴው ይሻል ነበር፣ ቀዩ ውሃ ያበዛል። ግድ የለም፣ ቀጠን አድርጌ ቆርጬዋለሁ።»

ብርጭቆውን የያዘው እጅ ላይ ቀለበቱ ነበር። ምጥን አወቀችው፤ ያንን ፈርጥ በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ስንቴ ከስኳር አጽድታዋለች። ትንሿ ዓይኗ የት እንዳረፈ አይታ ብርጭቆውን ወደ ሌላው እጇ አዛወረችና ያንኛውን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የቧንቧው ውሃ ጠብ ይላል፤ ድሮም ያንጠባጥብ ነበር። ምጥን ዕድል ልስጣት አለች በልቧ። ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ ጥርሷ ሲነቀል የታቀፍኳት፣ ራሷ ትናገረው።

«ሌላስ? ምን አዲስ ነገር አለ?» አለቻት።

«ምን አዲስ ነገር አለ ምጥንዬ» አለች ትንሿ ወለሉን እያየች። «ያው ኑሮ ነው። ... የእማዬን ሽርጥ መልበስሽ ጥሩ ነው፣ ዘይት እንዳይረጭብሽ» ብላ ወጣች።

ምጥን ቁጭ ብላ ማልቀስ ትችል ነበር። ሊጡን ከነሳህኑ ወለል ላይ ገልብጣ መሄድም ትችል ነበር፤ ክፉኛ አምሯትም ነበር፣ እጇ ሁለቴ ወደ ሳህኑ ሄዷል። ግን ባዶ እጇን ብትሄድ ልጇን ምን ትላታለች? «በበር ክፍተት ሰማሁ» ትላታለች? ምድጃውን ለኮሰች። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጣለች። ሰመጠች፣ እየተንጣጣች ወጣች። ፖሞቹን ሦስት ሦስት እያደረገች ለቀቀቻቸው፤ ጠርዛቸው ወርቃማ ሲሆን ገለበጠች፤ ሲወጡ በሁለት ጣቷ ይዛ አለበሰች። ከካውያ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ጣት ስለሆነ እንደ ድሮው አልተለበለበም። ሃያ አራት ሲሞላ ምድጃውን አጠፋች። ያማሩትን አምስት መርጣ ሳህን ላይ ደረደረችና ወደ እትዬ ክፍል ሄደች።

ክፍሉ የመድኃኒትና የአሮጌ ሱፍ ሽታ አለው። ያኔ ግቢውን ሁሉ በድምፃቸው ይሞሉ የነበሩት ሴትዮ አልጋው ውስጥ ጠፍተዋል፤ ከብርድ ልብሱ በላይ ፊታቸውና ሁለት እጃቸው ብቻ ቀርቷል። ምጥን ልታዝን አልፈለገችም፤ ግን አዘነች።

«ምጥን ናት?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«አረጀሽ።»

«እርስዎ ግን እንዳሉ ነዎት።»

«ውሸታም» አሉ፣ ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ።

ትራሱን አስተካክላ ቀና አደረገቻቸው፤ አንዱን ፖም ቆርሳ አጎረሰቻቸው። ቀጭ አለ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አላመጡ። ሁለተኛውን ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱ፤ ሦስተኛውን ግማሽ ድረስ በሉ። ፍርፋሪው አንገታቸው ላይ ወረደ፤ ምጥን ጠረገችላቸው። «እጅሽ አልረሳም» አሉ። «ያቺ ልጅ ሊጥ ልታበላኝ ነበር።» ከወጥ ቤት ውሃው ጠብ ሲል እዚህ ድረስ ይሰማል። ምጥን ሁለት እጇን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከታ ቆመች።

«እትዬ፣ ቀለበቱ ተገኝቷል አሉ።»

እትዬ ማላመጣቸውን አቆሙ።

«ማን ነገረሽ?»

«በሩ።»

«እስካሁን አልተሠራም ያ በር?» አሉና ወደ ጣሪያው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «እዚህ የለበስሽው ሽርጥ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔው ራሴ ከትቼው። ለአጣቢዋ ልሰጥ ሳራግፈው ጣቴን ነካኝ» አሉ።

ምጥን እጇን ከኪሱ መንጭቃ አወጣች።

«ታዲያ ለምን አልላኩብኝም እትዬ? አንድ ሰው። አንድ ቃል።»

«አፈርኩ። ዛሬ እልካለሁ ነገ እልካለሁ ስል ወር ሞላ። ወር ከሞላ በኋላማ ‹ለምን ወር ቆየሽ› የሚባል ነገር መጣ። ዓመት ሲሆን ደግሞ ከነጭራሹ ምን ብዬ? እንዲህ እንዲህ ሲል ቀረ። አልቅሼልሻለሁ ምጥን፣ እውነቴን ነው።»

«እኔም አልቅሻለሁ» አለች ምጥን። ድምጿ ወፈረ። በዚህ ቤት ድምጿ ሲወፍር የመጀመሪያው ነው። «እኔን ይተዉኝ። ልጄ አለች። ልጄ ... እስከ ዛሬ አላመነችኝም። ስልክ ልደውልላትና እርስዎ ይንገሩልኝ። ‹እናትሽ አልወሰደችም› ማለት ብቻ ነው። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደውይ» አሉ። «አሁኑኑ ደውይ፣ ሳልደክም።»

ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ክፍል ውስጥ ናት፣ እያስተማረች ነው፤ ልጇ ክፍል ውስጥ ስልክ አታነሳም፣ ደንብ አክባሪ ናት። ምጥን ወንበሩን ወደ አልጋው ጠጋ አድርጋ የዕረፍት ሰዓት እስኪደርስ ጠበቀች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። እትዬ ትንሽ አሸለቡ፤ ምጥን እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች፤ እንዳይርቁባት የያዘቻቸው ትመስል ነበር። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነገሩን ሁሉ አይታ ጨረሰችው፤ ልጇ ስልኩን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ፣ ሰምታ፣ ዝም ብላ፣ ከዚያ ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ የሚኖራትን ፊት። ያንን ፊት አይታ አታውቅም። እንዴት ያለ ይሆን?

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ደንገጥ ብለው ነቁ። ትንሿም በድምፁ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ምጥን «እማዬ ደህና ነሽ?» የሚለውን የልጇን ድምፅ ሰምታ «ቆይ፣ እትዬ ሊያናግሩሽ ነው» አለችና ስልኩን የእትዬ ጆሮ ላይ አደረገችው። በሁለት እጇ ያዘችው።

«አስተማሪዋ ነሽ?» አሉ እትዬ። የድሮው የእመቤት ድምፃቸው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ተመልሶ መጣ። «ደህና ነሽ ልጄ? እኔ ነኝ። እናትሽ ...»

ቆሙ። ዓይናቸው ከምጥን ወደ ትንሿ ሄደ። ትንሿ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ቆማለች፤ ፊቷ ቀልቷል። «እማዬ፣ አትድከሚ» አለች።

«እናትሽ ...» አሉ እትዬ እንደገና። «እናትሽ እጇ ይባረክ። ፖም ሠርታልኝ በላሁ። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው የለም። ደህና ሁኚ ልጄ፣ ተማሪዎችሽን ቅጫቸው።» ራሳቸውን ከስልኩ ዞር አደረጉ።

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፤ ብዙ ቆይተው ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ነገ እንደውልላታለን» አሉ። «ነገ ቀለል ይለኛል።»

ምጥን ሳህኑን አነሳች። ወጥ ቤት ተመልሳ መጥበሻውን አጠበች፣ ዘይቱን አጥልላ ጠርሙስ ውስጥ መለሰች፣ ምድጃውን ወለወለች፣ ሽርጡን ቦታው ሰቀለች። ሰውነቷ ሁሉ ዝሏል፤ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ ብትውል ይሻላት ነበር። ሻርፗን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ ሄደች። ትንሿ ልትሸኛት ቆማለች። ምጥን በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። ትንሿም አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች። መነጽሩንና ቁልፉን፣ የታጠፈውን መሐረብ አየች፤ መሐረቡን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አየች።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ አወቁት።

«ውይ ... ውይ ምጥንዬ!» አለች ትንሿ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰብስባ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። በእናትሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔም ልማድ ሆኖብኝ ነው የከፈትኩት» አለች ምጥን።

ለአሥራ አንድ ዓመት ያልወጣው ይቅርታ ለቦርሳው ወጣ። ትንሿ የምትገባበት ጠፍቷት ወደ ወጥ ቤት ሮጠች፤ ከፖሙ ስምንቱን ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተከበበ ሳህን ላይ ደርድራ፣ በጨርቅ ጠቅልላ መጣችና በራሷ እጅ ቦርሳው ውስጥ አስገባችው። «ለልጅሽ ነው። ሳህኑንም እንዳትመልሺው፣ ስብስቡ ተሰባብሮ እሱ ብቻ ነው የቀረው፣ ማስታወሻ ይሁንሽ» አለች። ምጥን ሳህኑን አወቀችው፤ የእንግዳ ሳህን ነው። ስታጥበው ሁልጊዜ እስትንፋሷን ይዛ ነበር።

«ትንሿ» አለች። «አንቺ ትነግሪልኛለሽ? ለልጄ።»

«ምኑን?» አለች ትንሿ። ጣቷ ባዶ ነበር፤ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል።

ምጥን ያንን ነጣ ያለ ቦታ ትንሽ አየችው። «ምንም» አለች። «ደህና እደሩ።»

ቤቷ ስትደርስ ገና አልመሸም። ሁለት ክፍል ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ወገቧን ይበላዋል። ልጇ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ከምራ በቀይ እስክሪብቶ እያረመች ነበር። ብድግ ብላ ቦርሳውን ተቀበለቻት፣ ወንበር ሳበችላት፣ ጫማዋን አወለቀችላት።

«ሴትዮዋ እኮ አናገሩኝ» አለች። «ጥብስሽን አደነቁ።»

«ሌላም ሊሉሽ ነበር» አለች ምጥን። እዚያው ወንበሩ ላይ፣ አንድ እግሯ ካልሲ ብቻ ሆኖ፣ ነገሩን አወጣችው። «ቀለበቱ ተገኝቷል። በሳምንቱ ነው የተገኘው፤ በራሳቸው ሽርጥ ኪስ ውስጥ ረስተውት። ለእኔ በአፋቸው ነገሩኝ፤ ዛሬ።»

ልጇ ጫማውን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት።

«ነገሩሽ?»

«ነገሩኝ።»

«እኔን ሲያናግሩኝ ግን ...»

«ደክሟቸው ነው። ነገ ይደውላሉ።»

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ክፋት የለም፣ ቁጣ የለም፤ ርኅራኄ ብቻ ነበር፣ ተስፋ ያለቀበት ሰው የሚታይበት ዓይነት ርኅራኄ። ጫማውን አልጋ ሥር አስቀመጠች።

«እሺ እማዬ» አለች።

ያቺው «እሺ» ነበረች፤ አልጨመረች፣ አልቀነሰች። ምጥን ራሷን አቀረቀረች። ልጇ ሻይ ልትጥድ ተነሳች፣ በዚያውም ጨርቁን ከቦርሳው አውጥታ ፈታችው። ፖሞቹ በመንገድ ላልተው ስኳሩ ላብ ላብ ብሎ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል፤ ከእንግዲህ ቀጭ አይሉም። ልጅቷ ፖሞቹን አላየችም። ሳህኑን ወደ መብራቱ አንስታ በወርቅ የተከበበውን ጠርዝ አየች፤ በመዳፏ ክብደቱን መዘነች። ከዚያ ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ እናቷን እንዳታስከፋ ተጠንቅቃ ጠየቀች።

«እማዬ፣ ሳህኑን ... ያውቃሉ?»

ምጥን «ሰጥተውኝ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። እውነት ነበር። ግን በዚህ ቤት እውነት ስትናገር ምን እንደሚመለስላት አሁን ሰምታለች። ብድግ አለች። ፖሞቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣቷ እያነሳች ወደ ራሷ ሳህን አዛወረች። የእንግዳውን ሳህን በሙቅ ውሃ አጠበችው፤ ጠርዙ ላይ የደረቀውን ስኳር በጥፍሯ አስለቀቀች፣ አደረቀች፣ በጨርቁ ጠቅልላ በሩ አጠገብ ቦርሳዋ ላይ አኖረችው።

«ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አድርሼላቸው አልፋለሁ» አለች።

«ጥሩ ነው እማዬ፣ ይሻላል» አለች ልጇ፤ ፊቷ በእፎይታ ፈታ አለ። ከዚያ ከፖሙ አንዱን አንስታ ነከሰች፣ «በጣም ይጣፍጣል» አለችም።